ሁሉም አንድ የተጻፈበት ወረቀት

ባለፈው ቅዳሜ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ሽሮና በርበሬ ገዝቼ ከሱቅ ስወጣ፣ ከመንገዱ ማዶ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰች ሴት መብራት ስትጠብቅ አየሁ። ከፊቷ በፊት ካፖርቷን ነው ያወቅሁት። ኮሌታው ሰፊ ነው፤ ቁልፎቹ ትልልቅ ናቸው፤ ቀለሙ ብዙ ተቀቅሎ እንደ ጠቆረ ጎመን ነው። ያንን ካፖርት የገዛነው አብረን ነው፤ ፓርክዴል ሰፈር ከነበረ የልባሽ ልብስ መደብር፣ በአሥራ አንድ ዶላር። እኔም በዚያው ቀን በአራት ዶላር የሱፍ ኮፍያ ገዝቼ ነበር። ኮፍያው በዚያው ክረምት ባስ ላይ ቀረ። ካፖርቱ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ በቴሌቪዥንም ብዙ ጊዜ ታይቷል።

ባለ ካፖርቷ ኢርማ ናት። ከኤል ሳልቫዶር የመጣች፣ ድሮ ከእኔ ጋር የቢሮ ወለል ትወለውል የነበረች፣ አሁን በኦንታሪዮ ምክር ቤት የፓርቲዋን አባላት የምትመራ ሴት። «ብርቄ!» ብላ ከማዶ ጮኸች። መብራቱ ሲለወጥ እየሮጠች ተሻግራ አቀፈችኝ። ስልሳ ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት፤ አሁንም ትሮጣለች። ስለ ልጄ ጠየቀችኝ፣ ስለ አክስቴ ጉልበት ጠየቀችኝ፣ ከዚያ እንደ ቀላል ነገር «ልለቅ ነው» አለችኝ። «በሚቀጥለው ምርጫ አልወዳደርም። ሐሙስ ሳምንት ሰፈራችን ፍሌሚንግደን ፓርክ አዳራሽ ሽኝት አዘጋጅተውልኛል። አንቺ እንድትናገሪ እፈልጋለሁ። አትጨነቂ፣ የቢሮዬ ልጆች ጽፈው ይሰጡሻል፤ ያንቺ ሥራ ማንበብ ብቻ ነው።»

«እሺ፣ ደስ ይለኛል» አልኳት። ያለው አፌ ነው። ልቤ ግን እዚያው ድንግጥ አለ። መቶ ሰው ፊት ቆሜ ልናገር? እኔ? ኢርማ ሌባ ጣቷን አነሳችና ሳቀች። «ይሄን መልስ አውቀዋለሁ። ፊቴ ላይ አትመልሺልኝ። ቤትሽ ግቢ፣ አስቢበት፣ እስከ ረቡዕ ኮል አድርጊልኝ።» ይህን ብላ ወደ ባቡር ጣቢያው ወረደች። ስታቅፈኝ ካፖርቷ ያ የሎሚ ሽታ፣ የወለል ማጠቢያው ሽታ ያለው መሰለኝ። እውነት ሊሆን አይችልም፤ ወለል ከወለወለች ስንት ዓመቷ ነው። አፍንጫዬ ግን አንዴ ሄዷል፤ እኔም ተከትዬው ሄድኩ።

እዚህ አገር የመጣሁት አክስቴ እትዬ ዘነቡ አመልክታልኝ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። አሰላ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ አቁሜያለሁ፤ እናቴ ታማ ሱቋን የሚይዝላት ሰው ጠፍቶ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል መሆኑን ለማንም አልናገርም ነበር። ሰው ሲጠይቀኝ ወሬ እለውጣለሁ፤ ወሬ መለወጥ ካልቻልኩ ወደ ሽንት ቤት እሄዳለሁ። የአክስቴ አፓርትመንት ፍሌሚንግደን ፓርክ ካሉት ረጃጅም ህንፃዎች በአንዱ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ የትም ለመሄድ ባስ ነው። ያኔ የባስ መክፈያው ቶክን እንደ ዝርዝር ሳንቲም በኪስ ይያዝ ነበር፤ ትንሽ፣ ቀላል፣ መሃሉ ላይ ሌላ ቀለም ያለው። በጓንት ሲይዙት ይወድቃል፤ በረዶ ውስጥ ከወደቀ አይገኝም። ባሱ ይቀዘቅዛል፣ ይዘገያል፣ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ሦስት ሆኖ ተከታትሎ ይመጣል። ይኼኛው ነገር ዛሬም አልተለወጠም።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ መሃል ከተማ ያለ የቢሮ ህንፃ ማጽዳት ነበር። የቢሮው ሰው ሲወጣ እኛ እንገባለን። ሥራ ያሳየችኝ ኢርማ ናት። አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አጭር፣ ደረቷ ሰፊ፣ ፀጉሯን በቀይ ጨርቅ የምታስር። በአማርኛ ቢሆን አንቱ እላት ነበር፤ የሁለታችን እንግሊዝኛ ግን ለዚያ አይበቃም። ስትሠራ በአገሯ ቋንቋ ትዘፍናለች። ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ ጠይቄያት አንድ ጊዜ ስለ ባቡር ነው አለችኝ፤ ሌላ ጊዜ ስለ ጎረቤቷ ባል ነው አለችኝ። መወልወያውን ወደ ኋላ እየሄዱ ስምንት ቁጥር እየሠሩ መግፋት፣ ውሃው ከመጥቆሩ በፊት መለወጥ፣ መስታወት በጋዜጣ ማድረቅ፣ ሁሉንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። አሁን እኔ የሦስት ፎቅ አለቃ ሆኜ ለአዲስ ሰው ሳሳይ የማሳየው የእሷን አገፋፍ ነው።

የኢርማ ፖለቲካ የተጀመረው በጓንት ነው። ኩባንያው የሚሰጠን ጓንት ስስ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ይቀደዳል፤ ከዚያ ኬሚካሉ ጣት ይበላል። ሁላችንም እጃችንን ቅባት እየቀባን ዝም ብለናል። ኢርማ ግን የተቀደዱትን ጓንቶች ለአንድ ወር በላስቲክ ስትሰበስብ ቆየችና አንድ ቀን ከረጢቱን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ገለበጠችው። በሁለተኛው ሳምንት ወፍራም ጓንት መጣ። ከዚያ ወዲያ ሰው ችግሩን ሁሉ ወደ እሷ ያመጣ ጀመር፤ የኪራይ ደብዳቤ፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ ማሞቂያው ያልሠራለት፣ ሊፍቱ የቆመበት። እሷ የምትኖረው ከእኛ ሁለት ህንፃ አልፎ ነበር። እሑድ እሑድ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ማሽኖቹ እስኪጨርሱ ቁጭ ብላ የሰው ደብዳቤ ታነባለች። አንድ እሑድ ማድረቂያው ላይ ተደግፋ «ለምክር ቤት ልወዳደር ነው» አለችኝ። የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ግን ቀልድ አልነበረም። «በእናንተ ፎቆች በር የሚያንኳኳልኝ ሰው የለኝም። ቋንቋውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ታንኳኪልኛለሽ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። ያኔ ለሁሉም ሰው እሺ ነው የምለው።

ቅስቀሳውን የሚያስተባብረው ኮሊን የሚባል ልጅ ነበር፤ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ የወረቀት ኩባያ ከእጁ የማይለይ። የእኛና የጎናችን ህንፃ የስም ዝርዝር ያለበት ወረቀት ሰጠኝና አስረዳኝ። አንድ በር ላይ ሁለት ደቂቃ። ቤት አትገቢም። ሰውየው የሚለውን ሰምተሽ ከስሙ ፊት ቁጥር ትጽፊያለሽ። አንድ ማለት በእርግጠኝነት ይመርጣታል። አምስት ማለት ፈጽሞ አይመርጣትም። በመካከል ያሉት እንደ ዝንባሌያቸው። «ቀላል ነው» አለኝ። እሱ ሲያንኳኳ ቀላል ነው። ሰዎቹ በሩን በሰንሰለቱ ልክ ከፍተው አዎ ወይም አይሆንም ብለውት ይዘጉታል። እኔ ሳንኳኳ ግን እንዲህ ነበር፦

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። የእትዬ ዘነቡ የእህት ልጅ።»

«ውይ የኔ ልጅ! ግቢ፣ ግቢ! ኧረ ጫማሽን አታውልቂ። ምነው ከሳሽ? ዘነቡ አታበላሽም እንዴ?»

ከዚያ ሻይ በቅርንፉድ ይመጣል። ሳምቡሳ ይመጣል። የልጆች ፎቶ ይመጣል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ወረቀቱን ከጉያዬ እያወጣሁ «አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ለምርጫ ቀርባ…» እላለሁ፤ ድምፄ አይሰማም። «አንቺ ካልሽማ ምን ክርክር አለው! እንመርጣታለን፤ ጌታ ይርዳት። ሻይ ልጨምርልሽ?» እኔም አንድ ብዬ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ቀን በሦስት ሰዓት ውስጥ ያንኳኳሁት አራት በር ነው። ኮሊን «አራት?» ብሎ መነጽሩን አወለቀ። ወረቀቱን ሲያይ ግን ሁሉም አንድ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሁለቱም ህንፃ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አንድ፣ አንድ፣ አንድ ሆነ። ኮሊን ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ የእኛን ህንፃዎች አረንጓዴ ቀባቸው። «ኮከባችን» ይለኝ ጀመር። በሕይወቴ በሥራዬ ኮከብ ተብዬ አላውቅም ነበር።

እውነቱን ለመናገር አውቅ ነበር። እኛ ቤታችን የመጣን ሰው ፊቱ ላይ እምቢ አንልም። አክስቴ ኢንተርኔት ለሚሸጠው ልጅ «ነገ ና፣ እገዛሃለሁ» ብላ ትሸኘዋለች። ነገ ሲመጣ መብራት አጥፍተን፣ ቴሌቪዥኑን ዘግተን፣ ትንፋሻችንን ይዘን ሶፋ ላይ እንቀመጣለን። ያ ልጅ አራት ጊዜ ተመላልሷል። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች ለእኔ እንመርጣታለን ሲሉኝ ግማሾቹ ለእሱ የተባለውን እንደሚሉኝ ይጠፋኛል? ግን ሻያቸውን ጠጥቼ በስማቸው ፊት አራት ወይም አምስት መጻፍ ሰው ማሳጣት መስሎ ታየኝ።

ከሁሉም ቤት እምቢ ያሉኝ ጋሽ ተፈራ ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ህንፃ፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ። የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቤት ውስጥም ሱሪያቸውን በትከሻ ማንጠልጠያ የሚለብሱ ሰው ናቸው። አስገቡኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ብርቱካን ልጠው ሰጡኝና «አልመርጣትም» አሉኝ።

«ለምን ጋሼ?»

«ሊፍቱ በዚህ ክረምት ስንት ጊዜ ቆመ? እኔ በዚህ ጉልበት አሥራ አራት ፎቅ በደረጃ ነው የወጣሁት፤ ወተት ይዤ። ያቺ ሴትዮ ይሄን ታውቃለች?»

«እ… ልጠይቃት?»

«ጠይቂያትና ተመለሺ። እስከዚያ አልመርጥም ብለዋል ብለሽ ጻፊ። ምን ታይኛለሽ? ጻፊ እንጂ!»

እስክርቢቶውን ይዤ አቀረቀርኩ፤ የጻፍኩ መሰልኩ። ኮሪደር ወጥቼ በሩ ሲዘጋ እሳቸውንም አንድ ብዬ ጻፍኳቸው። ብርቱካኑ እጄ ላይ ገና ይሸታል። ለኢርማም አልነገርኳትም፤ ተመልሼም አልሄድኩም።

የምርጫው ቀን የኢርማ ሰዎች ሦስት መኪና ነበራቸው፤ ሰው ከቤቱ እየጠሩ የሚያደርሱባቸው። ሦስቱንም ወደ ሌሎች ህንፃዎች ላኳቸው። የእኛ ህንፃዎች አረንጓዴ ናቸዋ፤ እዚያ ምን ያስፈልጋል? ኢርማ ተሸነፈች። በጣም በትንሽ ነው የተሸነፈችው። ከእኛ ህንፃዎች የወጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር ተባለ። ዕቃ ለማንሳት ወደ ቅስቀሳው ቢሮ ስሄድ ኮሊን ካርታውን ከግድግዳ እያወረደ ነበር። እኔን አላየኝም። «እነዚያ ሰዎች ዋሹን» ይል ነበር ለአንዷ። በሩ ላይ እንደቆምኩ ተመልሼ ወጣሁ።

በማግስቱ ሥራ ስገባ ኢርማ በቦታዋ ነበረች። ቀይ ጨርቋን አስራ፣ ባልዲዋን ይዛ፣ ወደ ኋላ እየሄደች ስምንት ቁጥር ትሠራለች። አትዘፍንም ነበር። «ነይ፣ ይሄን ጠረጴዛ እናንሳው» አለችኝ፤ በአንድ በኩል እኔ፣ በሌላው እሷ ይዘን አነሳነው። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። በሳምንቱ አለቃችንን ለምኜ ወደ ሌላ ህንፃ ተዛወርኩ። ልብስ የማጥብበትንም ቀን ከእሑድ ወደ ማክሰኞ ለወጥኩት። ከሩቅ ያ አረንጓዴ ካፖርት ባስ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሳይ እስከሚቀጥለው ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ። ቶሮንቶ ክረምት ላይ አንድ ፌርማታ በእግር መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የሄደ ያውቀዋል። እንዲህ ሆኜ ሦስት ዓመት አለፈኝ። በዚያ መካከል ዜግነት አገኘሁ፤ መሐላውን ስፈጽም ደስ ያለኝ ግማሽ ቀን ብቻ ነው። የመምረጥ መብት አገኘሁ፤ ልመርጣት የምፈልጋትን ሴት ግን ያስሸነፍኳት እኔ ነኝ።

ከዚያ ሌላ ምርጫ ሲቃረብ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። አክስቴ በቀዳዳው አይታ «ያቺ ሜክሲኳዊት ናት» አለች። ስንት ጊዜ ብነግራት ኤል ሳልቫዶርን ሜክሲኮ ነው የምትለው። እኔ በካልሲዬ ሮጬ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ገፋ አደረግሁት። አክስቴ በዚያች እንግሊዝኛዋ ስትቀበላት እሰማለሁ። «ብርቄ የለችም! ብርቄ ሥራ! አዎ፣ አዎ፣ አንቺን እንመርጣለን! ሁሉም ቤተሰብ! በጣም!» ኢርማ አመሰገነቻት። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እስክርቢቶዋን ተጭና ስትከፍት ነው። ከስማችን ፊት አንድ ልትጽፍ ነው።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። «አንድ አትጻፊ!» ብዬ ወጣሁ።

አክስቴ አፏን ይዛ ቀረች። ኢርማ ከወረቀቱ ቀና አለች። «ብርቄ?»

«አንድ አትጻፊ። አክስቴ መርጣ አታውቅም። የት እንደሚመረጥም አታውቅም። እምቢ ማለት ስለማትችል ነው።»

«አንቺ! ምን ነክቶሻል?» አለች አክስቴ በአማርኛ። «በእንግዳ ፊት ታዋርጂኛለሽ?»

«ያኔም ሁሉም እንዲህ ነው ያሉኝ» አልኳት ኢርማን። አሁን ካላልኩት መቼም አልለውም። «እኔም አውቅ ነበር። አውቄ ሁሉንም አንድ ጻፍኩ። አልመርጣትም ያለኝ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም አንድ ብዬ ጻፍኩት። ያሸነፉሽ እነሱ አይደሉም። እኔ ነኝ።»

ኢርማ ጫማ የምናወልቅበት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ «ሦስት መኪና ነበረን» አለች። «አውቃለሁ» አልኳት። «ሦስት ዓመት ሙሉ፣ የእነሱ ወገን ስላልሆንኩ አሾፉብኝ ብዬ ነበር የማስበው። ሰላም ሲሉኝ እንኳ ሰላምታቸውን አላምንም ነበር።» ይህን ስትለኝ ማልቀስ ጀመርኩ። እሷ አላለቀሰችም። እስክርቢቶዋን በእጇ እያዞረች ቆየችና እንዲህ አለችኝ። «በእኛ መንደር ወታደር ሲመጣ አዎ እንለዋለን። ማታ ጫካ ያሉት ሲመጡም አዎ እንላቸዋለን። እናቴ ለሁለቱም ቡና ታፈላ ነበር። ይሄን እኔ መርሳት አልነበረብኝም።» ተነሳች። «ያ አልመርጣትም ያለው ሰው የት ነው? ውሰጂኝ።»

አክስቴ ሳምቡሳ ሳትቀምስ አትወጣም ብላ ስለያዘቻት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው የሄድነው። ጋሽ ተፈራ በሩን ከፈቱ፤ እኔን አዩ፣ ኢርማን አዩ፣ «ሦስት ዓመት ዘገያችሁ» አሉ። ማስተርጎም ያለብኝ እኔ ነኝ፤ የምሸሽበት የለም። እንዴት አንድ ብዬ እንደጻፍኳቸው ራሴ ነገርኳቸው። ጋሽ ተፈራ ማንጠልጠያቸውን በአውራ ጣታቸው ሳብ አድርገው ለቀቁት፤ ጧ አለ። «ንገሪያት» አሉኝ። «አምስት ተብዬ ተጽፌ ቢሆን ተመልሳችሁ ትከራከሩኝ ነበር። አንድ ስላላችሁኝ እንደ ሞተ ሰው ተዋችሁኝ። እኔ እኮ እምቢ ያልኩት ልከራከር ፈልጌ ነው!» ይህን ስተረጉምላት ኢርማ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተከራከሩ። እሷ ሊፍቱን አስጠግናለሁ ብላ ቃል አልገባችም። «ህንፃው የእኔ አይደለም» አለቻቸው። «ባለቤቱን በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ጠግን የሚል ሕግ ግን የለም፤ እሱን ነው ላወጣ የምሄደው።» ስንወጣ ኢርማ «ስንት ልጻፍ?» ብላ በእኔ አስጠየቀቻቸው። ጋሽ ተፈራ ጣሪያውን እያዩ አሰቡ። «ሦስት» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንኳኳው በሌላ መንገድ ሆነ። ሻዩን እጠጣለሁ፤ ያንን ማንም አያስቀርም። ግን ትመርጫታለሽ ወይ ብዬ አልጠይቅም። መቼ ነው የምትሄጂው እላለሁ። ከማን ጋር? ልጆቹን ማን ይይዛል? ከልቡ የሆነ ሰው ወዲያው ይመልሳል፤ ከሥራ በፊት፣ ከባሌ ጋር፣ ልጆቹን ጎረቤት። ከልቡ ያልሆነ ሰው ሻይ ይጨምርልኛል። ማንም አልተቀየመም፤ ማንም ፊቴ ላይ እምቢ እንዲል አልተገደደም። እኔም የሰማሁትን ጻፍኩ፤ ሁለት፣ አራት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሦስት። ኮሊን ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ወረቀቴን ሲያይ «ብርቄ፣ ይሄ በጣም መጥፎ ነው» አለ። ኢርማ ከእጁ ወስዳ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። «በዚህ ቢሮ ያለው እውነተኛ ወረቀት ይሄ ነው» አለችው። በምርጫው ቀን መኪኖቹ ወደ ሁለቶቹና ወደ ሦስቶቹ መጡ። ጋሽ ተፈራ ቡናማ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረቫት አስረው፣ ከሁሉም ቀድመው መግቢያው አዳራሽ ቆመው ነበር። «ሦስት አላሉም ነበር እንዴ ጋሼ?» ስላቸው «ዝም በይ፣ ሊፍቱን ያዢልኝ፣ እነ ወይዘሮ አበበች እየወረዱ ነው» አሉኝ። አክስቴም ሄደች። ስትመለስ ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ ወረቀትና ስለዚያች እርሳስ ስታወራ፣ ያሸነፈችው እሷ ነበር የምትመስለው። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መረጥኩ። ኢርማ አሸነፈች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ከኋላ ወንበር ነበር የምትቀመጠው። የሊፍቱን ነገር ስንት ጊዜ አቅርባ ስንት ጊዜ ጣሉባት። በተጣለባት ቁጥር፣ ያኔ በተሸነፈች ማግስት እንዳደረገችው፣ ጠዋት በቦታዋ ትገኛለች። በኋላ ፓርቲዋ የአባላቱን ድምፅ እንድታሰባስብ ሾማት፤ ቀጥሎ ምክር ቤቱ ውስጥ መሪያቸው አደረጋት። የሊፍቱ ሕግ በመጨረሻ ድምፅ የተሰጠበት ቀን ጋሽ ተፈራንና እኔን ጠርታን ላይኛው ሰገነት ላይ ተቀምጠን አየናት። እዚያ ታች፣ በዚያ ሁሉ ሱፍ መካከል፣ የታጠፈ ወረቀት ይዛ ከወንበር ወንበር ትዞራለች። አንዱ ረጅም ሰውዬ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ስቆ አናገራት። ስታልፈው ወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ሕጉ አለፈ። በኋላ ኮሪደሩ ላይ ወረቀቱን አሳየችኝ፤ ስሞች፣ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ቁጥር። ያ የሳቀው ሰውዬ አራት ተብሏል፤ በድምፁም ተቃውሞ ነበር። «ፊቴ ላይ እምቢ የሚለኝን አልፈራውም፤ እሱን ተመልሼ እከራከረዋለሁ» አለችኝ። «ሰዎች ምክር ቤት ውስጥ መቁጠር የት ተማርሽ ይሉኛል። ስድስተኛ ፎቅ፣ ጫማ የሚወለቅበት በርጩማ ላይ እላቸዋለሁ። የቀለድኩ ይመስላቸዋል።»

ስለ ሽኝቱ ንግግር ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ አሰብኩ። የቢሮዋ ልጆች የሚጽፉልኝ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ታታሪ፣ አርአያ፣ የማኅበረሰባችን ኩራት። እሱን ሳነብ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ቃሉ የእኔ አይደለማ። ሰው ፊት መቆም ዛሬም እፈራለሁ። ግን አንድ ጊዜ ከሽንት ቤት በካልሲ ወጥቼ የተናገርኩትን አስታወስኩ፤ ከዚያ የሚከብድ ንግግር የለም።

ረቡዕ ጠዋት ከሥራ በፊት ደወልኩላት።

«ንገሪኝ» አለች።

«የቢሮሽ ልጆች የሚጽፉትን አላነብም።»

 ኢርማን እምቢ ስላት ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። 

«የራሴን ነው የምናገረው» አልኩ። «በአማርኛ። አስተርጓሚ አንቺ ፈልጊ። ስለዚያ ወረቀት ነው የምናገረው፤ ሁሉንም አንድ ስለጻፍኩት። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል መሆኑን እናገራለሁ። ካልፈለግሽ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

«በምን ትመጫለሽ?» አለችኝ።

«በእግር። ሺፍቴን ቀይሬያለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከጋሽ ተፈራ ጋር። ከአሥራ አራተኛ ፎቅ በሊፍት ይወርዳሉ፤ ዛሬ ጠዋት ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ይሠራል። ቡናማውን ሱፍ ወደ ላውንደሪ ልከውታል።»

«ልጅሽን ማን ይይዛል?»

«አክስቴ እይዛታለሁ ብላለች። አክስቴን ስለማውቃት ልጄን ይዣት እመጣለሁ።»

ኢርማ አልሳቀችም። ከወዲያ በኩል፣ ከዚያ ትልቅ የድንጋይ ምክር ቤት ውስጥ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስንት እንደጻፈች አልጠየቅኳትም።